ጋሼ ካማይሺ

ኮሎምበስ ውስጥ ፍቅረማርያምን በስሙ የሚጠራው ሰው እያነሰ ነው። ዘንድሮ ስሙ ጋሼ ካማይሺ ሆኗል። ስሙን ያወጡለት የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ናቸው፤ እሱም አልተቀየመም። ምን ብሎስ ይቀየማል? ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ስለ ሞርጌጅና ስለ ልጆቹ ኮሌጅ ሲያወራ፣ እሱ አንዱን ምስኪን ጥግ አስይዞ ስለ አንዲት የጃፓን የወደብ ከተማ ማብራራት ከጀመረ ዓመት አልፎታል።

ነገሩ የመጣው በልጁ በሮሃ ነው። ሮሃ እዚሁ ኦሃዮ ተወልዳ ያደገች የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ አምና እንግሊዝኛ ላስተምር ብላ ካማይሺ ወደምትባል ከተማ ሄደች። ፍቅረማርያም ዛሬ ኢስተን ሰፈር ካሉ ሆቴሎች መንገደኛ ወደ ኤርፖርት የሚያመላልሱ ሁለት ቫኖች አሉት እንጂ፣ ድሮ ደብረ ታቦር የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። በሱዳን በኩል ሲሰደድ ጠመኔውን ጥሎ መጣ፤ አመሉ ግን አብሮት መጣ። ልጁ ልትሄድ መሆኗን ስትነግረው ስለ ደመወዙ ሳይሆን ስለ ሌላ ነገር ጠየቃት።

"ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር ነው?"

"ዳዲ፣ ባሕሩ ዳር ነው" አለችው።

በዚያ ሳምንት አራት ትልልቅ ካርቶን ገዝቶ አገጣጠመና ዎርዝንግተን ያለው ቤቱ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቀለ። ሚስቱ ዓለምወርቅ ግድግዳው የሷ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረች፤ የሰማት የለም። ካማይሺን በእጁ ሣላት። ባሕሩን በሰማያዊ፣ ተራራውን በቡናማ፣ ልጁ የምታስተምርበትን ትምህርት ቤት በቀይ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን ኮረብታ ደግሞ በአረንጓዴ፣ ያውም ሁለት ጊዜ ደጋግሞ አቀለመ።

ለመጣው እንግዳ ሁሉ ትምህርቱ ያው ነው። ከተማዋ በጃፓን ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ናት። እዚያ ባሕሩ እንደ እጅ ጣት ተዘርግቶ በተራሮቹ መካከል ይገባል፤ በየጣቱ ጫፍ ትንሽ ሜዳ አለች፤ ሰው ያለው እዚያች ሜዳ ላይ ተጨናንቆ ነው። ተራራው ብረት አለው። በአውሮፓ ስልት የተሠራ የብረት ማቅለጫ ምድጃ በጃፓን ምድር መጀመሪያ ከተሳካባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው፤ መቶ ስልሳ ዓመት አልፎታል። ብረቱ እንጀራ ሰጣቸው፣ መዘዝም አመጣባቸው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ የአሜሪካና የእንግሊዝ መርከቦች ፋብሪካውን ብለው ከተማዋን በመድፍ አነደዷት። "መድፉን ግን ተዉት" ይላል ፍቅረማርያም እዚህ ሲደርስ፣ ጣቱን ወደ ሰማያዊው ቀለም እያዞረ፤ "ጠላታቸው ይሄ ነው።" በፈረንጅ 1896 ዓ.ም.፣ በበዓል ቀን ምሽት፣ ሰው ቤቱ ሲበላና ሲጠጣ ማዕበል ገብቶ ከስድስት ሺህ ተኩል ሕዝብ አራት ሺውን ወሰደ። በ1933 ተመለሰ። በ2011 ደግሞ በባሕሩ በር ላይ ስልሳ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ያቆሙትን ግንብ ሰብሮ ገባ።

እንግዳው እዚህ ሲደርስ "ታዲያ ልጅህን እዚያ ምን ወሰዳት?" ይላል። ፍቅረማርያም ጣቱን ወደ አረንጓዴው ኮረብታ ያዞራል። በሕይወቱ ያየው ትልቅ ውኃ ጣና ነው፤ ጣና ደግሞ ሰው ቤት ድረስ አይመጣም።

አንድ ቀን ሮሃ ስልክ ላይ አንድ ነገር ነገረችው። የዚያ አገር ሰዎች ቴንዴንኮ የሚሉት ደንብ አላቸው፤ ሁሉም ለየራሱ እንደማለት ነው። ምድር ስትንቀጠቀጥ እናት ልጇን ሳትጠብቅ፣ ልጅም እናቱን ሳይፈልግ ወደ ኮረብታ ይሮጣል። ወደ ኋላ መመለስ የለም፣ ዕቃ መሰብሰብ የለም።

ፍቅረማርያም ተቆጣ። "ይሄማ የአውሬ ሕግ ነው። ሰው ጥሎ የሸሸ ሰው ድኖስ ምን ሊሆን ነው?"

"ኖ ዳዲ፣ ገልብጠህ ነው ያየኸው። ድሮ ብዙ ሰው የሞተው አንዱ አንዱን ሊፈልግ ሲመለስ ነው። አሁን እናትየው ልጄ ሮጧል ብላ ታምናለች፣ ልጁም እናቴ ሮጣለች ብሎ ያምናል። ስለዚህ ማንም አይመለስም። በ2011 የዚህ ከተማ ተማሪዎች እንደዚያ ሮጠው ነው የዳኑት፤ እነሱን ያየ ጎረቤትም ተከትሏቸው ዳነ። ኢትስ አባውት ትረስት።"

ሳምንት ሙሉ ቫኑን ሲነዳ ይህንኑ ሲያወጣና ሲያወርድ ሰነበተ። ከዚያ ራሱ ደወለላት።

"እሺ፣ ገባኝ። እንግዲያው ቃል ግቢልኝ። ያ ቀን ከመጣ እኔ ራሴ ብደውል እንኳ እንዳታነሺ። ሩጪ።"

"አይ ፕሮሚስ" አለችው እየሳቀች።

ያ ቀን በሐምሌ፣ ዓርብ አመሻሽ ላይ መጣ። ዓለምወርቅ የወንድሟ ልጅ ሲመረቅ ልገኝ ብላ አዲስ አበባ ሄዳለች። ፍቅረማርያም ብቻውን ጓሮ ቲማቲሙን ውኃ እያጠጣ ነበር፤ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። የጃፓንን የመሬት መንቀጥቀጥ የሚናገር አፕ ጭኖበት ነበር። ካማይሺ ፊት ለፊት ባለው ባሕር ላይ ከባድ መንቀጥቀጥ፣ የማዕበል ማስጠንቀቂያ፣ ወደ ከፍታ ሽሹ። እዚያ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቅዳሜ ሮሃ ትምህርት ቤት ገብታ ስፖርት የሚለማመዱ ልጆችን ታያለች።

የውኃውን ጎማ እንደተከፈተ ጥሎ ደወለ። ይጠራል፣ አይነሳም። እንደገና ደወለ። ቃል ያስገባት እሱ፣ ቃሉን ማክበር ያቃተው እሱ። ሠላሳ አንድ ጊዜ ደወለ፤ በኋላ መስመሩ መጥራቱንም ተወ።

ዜናው ጥሩም መጥፎም ነበር። የመጣው ማዕበል ከሰው ወገብ አልበለጠም፤ ግንቡም አልተሰበረም። ፍቅረማርያም ግን የዚያችን ከተማ ታሪክ የሚያውቅ ሰው ነው፤ መዘዙም ይኸው ማወቁ ነው። የመጀመሪያው ማዕበል ትንሽ ነው ብለው ወደ ቤታቸው የተመለሱትን ሁለተኛው ሲጠርጋቸው በመጽሐፍ አይቷል። ስለዚህ አልተጽናናም። ቆይቶ በዜናው ግርጌ አንዲት መስመር ወጣች፤ ካማይሺ ወደብ አካባቢ ሁለት ሰዎች የት እንዳሉ አልታወቀም። ስም የለም። ትምህርት ቤቱ ለወደቡ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ የሚናገረው ካርታ ግድግዳው ላይ ነው፤ የሣለው ራሱ ነው። ካርታውን ማየት ስላልቻለ ፊቱን አዙሮ ተቀመጠ።

እንዲህ እንደተቀመጠ ነጋ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዓለምወርቅ ከአዲስ አበባ ደወለች። ስለ መንቀጥቀጡ ምንም አላነሳችም።

"ሮሃ እንዴት ናት?" አለችው።

"ደህና ናት" አለ። ሠላሳ ዓመት በትዳር ሲኖር ይህን ያህል የከበደ ውሸት ዋሽቶ አያውቅም።

ዓለምወርቅም ድምፅዋ የተለመደው አልነበረም። "ዛሬ ጠዋት የትም አትሄድም አይደል?" አለች። "ደግሞ ደህና ልብስ ልበስ። እንዲያው ቤት ውስጥ በቁምጣ አትንገላወድ።"

ስልኩን ዘጋ። ሚስት ከሌላ ክፍለ ዓለም ደውላ ልብስ ልበስ የምትለው ምን ሲሆን ነው?

ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋሼ ወልደሚካኤል ደወሉ። ጋሼ ወልደሚካኤል የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው፤ ኮሎምበስ ውስጥ መርዶ የሚነገረው በእሳቸው አፍ ነው። ከአገር ቤት የሞት ወሬ ሲመጣ ዘመድ የሚደውለው ለባለቤቱ አይደለም፤ ለእሳቸው ነው። እሳቸው ሁለት ሦስት ሰው አስከትለው ማልደው ይሄዳሉ። ፍቅረማርያም ይህን ከማንም የተሻለ ያውቃል፤ ሦስት ጊዜ አስከትለውት ሄደዋል። ከመሄዳቸው በፊት ለሰውየው በስልክ ምን እንደሚሉትም አጠገባቸው ቆሞ ሰምቷል።

"ፍቅሬ፣ ቤት ነህ?" አሉ ጋሼ ወልደሚካኤል።

"አለሁ።"

"የትም እንዳትሄድ። መጣን።"

ቃል በቃል እሱ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለውን ሲሰማ የኖረው ለካ ለዛሬ ኖሯል። ሙሉ ልብሱን ለበሰ። ለምን እንደለበሰ አያውቅም፤ ዓለምወርቅ ልበስ ስላለችው ለበሰ። ከዚያ መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ።

አንዲት መኪና መጥታ ደጁ ላይ ቆመች። መጀመሪያ ጋሼ ወልደሚካኤል ወረዱ፤ ጥቁር ሱፍ ለብሰዋል፣ ክራቫት አስረዋል። ጋሼ ወልደሚካኤል ክራቫት የሚያስሩት ለሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ፍቅረማርያም ግን በዚያ ሰዓት ሁለተኛው ትዝ አላለውም። ቀጥሎ ገብረየስ ወረደ፤ ፖላሪስ ሰፈር ሱቅ ያለው፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው፣ ዛሬ ግን ፊቱ ኮስተር ብሏል። መጨረሻ ላይ ለማ፤ በሱዳን ካምፕ አንድ ድንኳን የተካፈሉ ጓደኛው። ሦስቱ መኪናው ጥግ ቆመው ጥቂት ተከራከሩ። ማን ይናገር እየተባባሉ ነው፣ አለ በልቡ። ይህንንም ያውቀዋል፤ እሱም እንደዚያ ቆሞ ተከራክሯል።

በሩን ከፈተላቸው። "ግቡ። ቁጭ በሉ" አለ፤ ድምፁ የሌላ ሰው ሆነበት።

ሦስቱ ገብተው በወንበሮቹ ፊት ተሰልፈው ቆሙ። ማንም አልተቀመጠም።

"የለም፣ የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ ጋሼ ወልደሚካኤል።

ለማ እንቅልፍ ያላየውን የጓደኛውን ፊት አየ። "ፍቅሬ፣ ይልቅ አንተ ቁጭ በል" አለው።

ይህች ቃል ጨረሰችው። መርዶ የሚነገረውን ሰው መጀመሪያ ማስቀመጥ ደንብ ነው፤ ቆሞ ከሰማ ይወድቃላ። ፍቅረማርያም ግን አልተቀመጠም። ከተቀመጠ ነገሩ እውነት የሚሆን መሰለው።

ጋሼ ወልደሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ ፍቅረማርያም፣ እኛ ተልከን ነው የመጣነው። ነገር በወጉ ሲሆን ያምራል። አንተም የወግ ሰው ነህ። ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ሮሃን እኛም ስታድግ አይተናታል፣ የኛም ልጅ ናት፤ እንደምታውቀው የሰው ልጅ..."

"ጋሼ" አለ ፍቅረማርያም።

"አንዴ ታገሠኝ፣ ልጨርስ። የሰው ልጅ..."

"ጋሼ፣ በእመብርሃን ይዤዎታለሁ። በአንድ ቃል ይንገሩኝ። ልጄ አለች ወይስ የለችም?"

ሦስቱ ተያዩ። ጋሼ ወልደሚካኤል አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፤ እንደዚያ ያለ ጥያቄ ሽማግሌ ሆነው በሄዱበት ቤት ገጥሟቸው አያውቅም።

"ማን? ሮሃ?" አለ ገብረየስ። "ኧረ አለች! ምን ማለትህ ነው? ደህና ናት፣ ኮረብታው ላይ ናት። ምሳዋን ሁሉ በልታለች።"

ፍቅረማርያም ያኔ ተቀመጠ። ወንበር ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ። ሱፉን እንደለበሰ፣ ጀርባውን ለካማይሺ ባሕር ሰጥቶ፣ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ለማ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ትከሻውን ያዘው።

"አንተ ሰው" አለ ለማ፣ ነገሩ ሲገባው፤ "ለመርዶ የመጣን መሰለህ?"

"ክራቫት አስራችሁ፣ ማልዳችሁ፣ አንቀመጥም ብላችሁ፣ ምን ይምሰለኝ?"

"ኧረ እኛ የመጣነው ለጋብቻ ነው!" አሉ ጋሼ ወልደሚካኤል። እሳቸውም የወንበሩን መደገፊያ ያዙ። "መርዶ ቢሆንማ እኛ እንቀመጥ ነበር።"

እውነታቸውን ነው። መርዶ ነጋሪ ይቀመጣል፣ ያስቀምጣልም፤ እሺታ ሳያገኝ የማይቀመጠው ልጅ ጠያቂ ሽማግሌ ነው። የወግ አዋቂ ነኝ የሚለው ፍቅረማርያም ይህን ያህል ነገር ስቶታል።

ከዚያ ነገሩ ቀስ በቀስ ተፍታታ። ሽማግሌ የላከው አንድርያስ የሚባል እዚሁ ያደገ ልጅ ነው፤ የልጅነት የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኛዋ፣ አሁን መሐንዲስ። ዓለምወርቅ ካወቀች ወር ሆኗታል፤ ቀኑንም የቆረጠችው እሷ ናት፤ እሷ በሌለችበት ይሁን ያለችው ባሏ እስካሁን ሳይነገረው በመቆየቱ ሲበሳጭ ላለማየት ነው። ሮሃ ደግሞ ስልኳን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ትታ ሮጣለች። ኮረብታው ላይ የጓደኛዋን ስልክ ተውሳ በኢንስታግራም ገባች። የአባቷን ቁጥር በቃሏ አታውቀውም፤ የዛሬ ልጅ ቁጥር የሚያውቀው ስልኩ እንጂ ራሱ አይደለም። ፍቅረማርያም ደግሞ ኢንስታግራም የለውም። ስለዚህ ለአንድርያስ ጻፈችለት፦ ደህና ነኝ፣ ለዳዲ ንገረው። ልጁ መልእክቱን ያየው ግን ሊነጋ ሲል ከእንቅልፉ ሲነሳ ነው።

"እና ለምን አልነገረኝም?" አለ ፍቅረማርያም።

"እንዴት ይነግርሃል?" አሉ ጋሼ ወልደሚካኤል። "ሽማግሌ የላከ ልጅ የልጅቱን አባት ጠዋት ተነስቶ ኮል ያደርጋል? ነውር ነው። ለእኛ ነገረን፣ እናንተ ንገሩልኝ አለ። ጨዋ ልጅ ነው።"

"መቼ ነገራችሁ?"

ጋሼ ወልደሚካኤል ወደ ገብረየስ አዩ። ገብረየስ ወደ ምንጣፉ አየ።

"ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ" አለ ለማ።

"አሥራ አንድ ሰዓት! ታዲያ በሩ ላይ እንደቆማችሁ ለምን አልነገራችሁኝም?"

"እኔ እኮ መጀመሪያ እንንገረው ብዬ ነበር" አለ ገብረየስ። "ውጭ የተከራከርነው በሱ ነው። ጋሼ እምቢ አሉ። ደህና ናት ካልነው፣ ማን ነገራችሁ ይለናል። አንድርያስ ካልን፣ አንድርያስ ምኗ ነው ይለናል። ልጁ ገና በወጉ ሳይጠየቅለት ስሙ ይነሳል። ደግሞ አንተ ከሷ ጋር ሳታወራ ታድራለህ ብሎ ማን ጠረጠረ? ጋሼ ካማይሺ እኮ ነህ!"

ፍቅረማርያም ሊቆጣ ፈለገ። ለቁጣ የሚሆን አቅም አጣ። ከዚህ ይልቅ ሳቁ መጣበት፣ እንባውም ሳይደርቅ ሳቀ፤ ለማም ሳቀ፣ በመጨረሻ ጋሼ ወልደሚካኤልም በክራቫታቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ። መቀመጥ ግን እምቢ አሉ። ወግ ነዋ።

በዚህ መሀል የፍቅረማርያም ስልክ ጠራ። የሮሃ ቁጥር ነው፣ የራሷ። ድምፁን ለሁሉም ከፈተው።

"ዳዲ? አይም ኦኬ። ማስጠንቀቂያው አሁን ተነሳ፣ ተመልሰን ስልኬን አገኘሁት። አንድርያስ ነገረህ አይደል?"

"ነገረኝ። በሦስት ሽማግሌ" አለ ፍቅረማርያም።

"ኦ ማይ ጋድ። ዛሬ ነው እንዴ?"

"እሱን ተይው። ጠፍተዋል የተባሉት ሁለት ሰዎችስ?"

"ዓሣ አጥማጆቹ? ተመልሰዋል። የድሮ ሰዎች ናቸው፤ መሬት ስትንቀጠቀጥ ጀልባቸውን ይዘው ወደ ጥልቁ ወጥተው ነበር። እዚያ እኮ ማዕበሉ ጠፍጣፋ ነው፣ አንተ ነህ ያስተማርከኝ።"

እሱ ነው ያስተማራት። ለልጁ ያስተማረውን ሌሊቱን ሙሉ ራሱ አላስታወሰውም።

"አባዬ" አለች ሮሃ፤ አባዬ የምትለው ከስንት አንዴ ነው። "ስልኩ ሲጠራ ሰምቼዋለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ እኔ ደረጃው ጋ ደርሻለሁ፣ ልጆቹ ከፊቴ እየሮጡ ነው። አንተ እንደሆንክ አውቄያለሁ። ከአንተ ሌላ እንደዚያ ፈጥኖ የሚደውል የለም። አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። አልተመለስኩም። አዘንክብኝ?"

ፍቅረማርያም ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው።

"የኔ ልጅ" አለ። "እንኳን አልተመለስሽ። እንኳን አላነሳሽልኝ። እግርሽ ይባረክ።"

ስልኩ ሲዘጋ ሦስቱ ሽማግሌዎች አሁንም ቆመዋል። ገብረየስ አፍንጫውን ይናፈጣል። ጋሼ ወልደሚካኤል ክራቫታቸውን አስተካክለው፣ "እንግዲህ ፍቅረማርያም፣ እንዲህ ባለ ቀን መልስ ስጠን አንልም፤ ከእናቷ ጋር ተማከርና ቀጠሮ..." ብለው ጀመሩ።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ" አለ ፍቅረማርያም። ከወለሉ ተነስቶ ካርታው ፊት ቆሟል። "ይሄ አንድርያስ፣ እንዲህ ያለ ቀን ቢመጣ፣ እሷን ሳይጠብቅ ይሮጣል?"

"ኧረ በፍጹም!" አሉ ጋሼ ወልደሚካኤል፣ ልጁን የሚያስመርጥ ነገር ያገኙ መስሏቸው። "ምን ዓይነት ሰው አደረግኸው? ተመልሶ ያመጣታል እንጂ! እሳት ውስጥ ቢሆን ይገባላታል።"

"እሱን ነው የፈራሁት" አለ ፍቅረማርያም። "ነገ ከቅዳሴ በኋላ ላኩልኝ፣ ከዚህ ካርታ ሥር አስቀምጬ አስተምረዋለሁ። እናንተ ግን አሁን ተቀመጡ።"

ጋሼ ወልደሚካኤል ተቀመጡ የተባሉት በየትኛው ወግ እንደሆነ ለመጠየቅ አፋቸውን ከፈቱ፣ ከዚያ የፍቅረማርያምን ፊት አይተው ተዉት። ሦስቱም ተቀመጡ።